ቀጥ ያለ በደል

ጄኔቭ፣ ፕላንፓሌ
ጥቅምት 30 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ንዋይ፣

የመድኃኔዓለም ጥበቃ ከእርስዎና ከእትዬ ሙሉወርቅ አይለይ። እኔ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ ነገር የለም፤ እሱም ቢሆን ገና መጀመሩ ነው።

ይህን የምጽፈው ለምስጋና ነው። ወንድሜ ኅሩይ ባለፈው ማክሰኞ ቃሉን ሲሰጥ አጠገቡ የተቀመጡት እርስዎ መሆንዎን ሳስብ ትንፋሼ ወደ ቦታው ተመለሰ። በሱዳን በኩል አምልጦ ዙሪክ ከገባ ጀምሮ፣ ዜባህ በሚባል ሰፈር ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ሲጠብቅ የከረመው ለዚያች አንዲት ቀን ነበር። የጥገኝነት ጥያቄው የሚወሰነው በዚያ ቀን በተናገረው ነው ብለውኛል። እኔን ያስጨነቀኝ አስተርጓሚው ነበር። ከኤምባሲው ጋር ንክኪ ያለው ሰው ቢገጥመውስ? የተናገረው ሁሉ አዲስ አበባ እናታችን ደጅ ቢደርስስ? እርስዎ ግን በስልክ «እኔ እያለሁ ለዘመዴ ባዕድ አያስተረጉምለትም» ሲሉኝ ጭንቀቴ ሁሉ ለቀቀኝ። የእናቴ የአክስት ልጅ ነዎት፤ ለእኛ ግን ከአጎትም በላይ ሆኑልን።

ኅሩይን ደውዬ ብጠይቀው መልሱ አጭር ነው።

«እንዴት ነበር?»

«አለቀ።»

«ምን ጠየቁህ?»

«ብዙ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«የሚባለውን።»

ከዚህ በላይ ሊያወጣ አልቻለም። ስለዚህ እርስዎ ይንገሩኝ።

ስለ እኔ ደግሞ አንድ ወሬ አለ። የመመረቂያ ጽሑፌ ርእስ ጸደቀ። የአውሮፓ ሰዎች ፍትሕ ማጣትን የሚጠሩባቸው ቃላት ከየት እንደመጡ ነው የማጠናው። የሕግ ሰው ስለሆኑ ደስ ይልዎታል ብዬ ትንሽ ላካፍልዎ። ፈረንሳዮች በደልን «ቶር» ይሉታል፤ ከላቲን የወረደ ሲሆን መነሻው «የተጠመዘዘ» ማለት ነው። እንግሊዞች «ሮንግ» የሚሉትም በጥንቱ ጊዜ «ጠማማ» ማለት ነበር። እርስዎ መካከላቸው የሚኖሩት ጀርመንኛ ተናጋሪዎች «ኡንሬኽት» ይላሉ፤ ቀጥ ያላለ። አብራኝ የምትማር አንዲት ፖላንዳዊት ደግሞ የነሱን «ክሺቭዳ» ነገረችኝ፤ እሱም ያው ከጠማማ የወጣ ነው። ይህ ሁሉ ሕዝብ ተሰብስቦ አልተማከረም፤ ግን ሁሉም በደልን ሲያይ የጎበጠ ነገር ታይቶታል። ላቲኖች ብቻ «ኢኒኩዩስ» የሚል ሌላ ቃል አላቸው፤ ያልተስተካከለ፣ ወጣ ገባ የሆነ ማለት ነው። ለእነሱ በደል እግር የሚያደናቅፍ መሬት ነው።

ሃያ ዓመት አዲስ አበባ ችሎት ላይ የተቀመጡ ዳኛ ነዎትና የእኛን ቃላት ነገር ይጻፉልኝ።

እትዬ ሙሉወርቅን በጉንጫቸው ይሳሙልኝ።

ልጅዎ የወይንሐረግ


ዙሪክ፣ ቪዲኮን
ኅዳር 16 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየወይንሐረግ፣

አምላክ እንደ ስምሽ ፍሬሽን ያብዛው፤ በሰው አገር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ልመልስ አስቤ ነበር። መጋዘናችን የቆጠራ ሳምንት ሆኖ ዘገየሁ። የከፍተኛው ፍርድ ቤት ዳኛ መሰላል ላይ ወጥቶ የጥርስ ሳሙና ካርቶን ሲቆጥር ብታዪ ትስቂ ነበር። አለቃዬ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ «ኔዋይ፣ ቶሎ በል» ይለኛል። ለዚህም ተመስገን ነው።

ስለ ኅሩይ አትስጊ። እናትሽ ልጅ አሳድጋለች። ጸሐፊዋ «ተቀመጥ» ብትለው እንኳ እኔ እስክቀመጥ ቆሞ ጠበቀ። አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ መለሰ። እግራቸውን አነባብረው ጠያቂውን እንደ እኩያቸው የሚሞግቱ ስንት የእኛ ልጆች አይቻለሁ። ከእሱ አፍ አንድ ያልተገባ ቃል አልወጣም። እኔም ኮራሁበት። የእሱ ጫማ እየጠበበው ስለተቸገረ የኔን ሰፊውን አድርጎ ነው የገባው፤ ልመልስ ካለ አይሆንም በዪው።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ዘመዳሞች መሆናችንን እዚያ ለማንም አታውሪ። አስተርጓሚ የሆነ ሰው ከባለጉዳዩ ጋር ዝምድና እንደሌለው ይፈርማል። እኔም ፈርሜያለሁ። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ነውና ልጁን ብቻውን ላለመተው ያደረግኩት ነው፤ እግዜር ልቤን ያውቃል።

ስለ ቃላቱ የጠየቅሽኝ ደስ አሰኘኝ። ፍርደ ገምድል የምንለውን ታውቂያለሽ። በእኔ ዕድሜ ብዙ አይቻለሁ፤ ለዘመዱ ያደላ፣ ለጉቦ የተንበረከከ፣ ሹም ፈርቶ ያጎነበሰ። ፈረንጆቹ እውነት ብለዋል፤ በደል ሁሉ ጠማማ ነው። መድኃኒቱም አንድ ነው፤ ቀጥ ብሎ መቀመጥ። አስተርጓሚነትም እንደዚሁ ነው። የተባለውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ማሻገር።

ሙሉወርቅ ትስምሻለች። «አትክሳ፤ ፈረንጅ የሚበላውን ብቻ አትብላ» በላት ብላለች።

አባትሽ ንዋይ


ጄኔቭ
ታኅሣሥ 15 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለጋሼ ንዋይ፣

ጤና ይስጥልኝ። ለእትዬ ሙሉወርቅ ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ።

ትናንት ዙሪክ ነበርኩ። ቤትዎ አልመጣሁም፤ መጀመሪያ የማስበው ነገር ስለነበረኝ ነው። ኅሩይ መልስ መጥቶለት ዜባህ ሄጄ አነበብኩለት። አልተቀበሉትም። የሰጡት ምክንያት አንድ ነው፦ አመልካቹ በታሰረበት ዐሥር ወር ውስጥ በደህና እንደተያዘ፣ ከሌላው የተለየ ነገር እንዳልደረሰበት በራሱ አንደበት ተናግሯል።

ከሕንፃው በታች ልጆች የሚጫወቱበት ሜዳ አለ። አንዱ ልጅ ሌላው ኳሱን ነጥቆት «ኡንፌር፣ ኡንፌር» እያለ ይጮህ ነበር። ጀርመኖች ቃሉን ከእንግሊዞች የተዋሱት ለጨዋታ ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ትርጉሙ «አስቀያሚ» ብቻ ነበር፤ መልከ ጥፉ። ያን እያሰብኩ ደረጃውን ወጣሁ። ስወርድ ስለ ቃላት የማስብበት አንጎል አልነበረኝም።

ያወራነውን እንዳለ ልጻፍልዎ።

«ይህን ብለሃል?» አልኩት።

«ብያለሁ።»

«ለምን?»

«ጋሼ ናቸዋ የሚጠይቁኝ።»

«የጠየቀህ ፈረንጁ ነው።»

«ፈረንጁ እኮ ወረቀቱን እያየ ነው የሚያወራው። ‹እስር ቤት አያያዝህ እንዴት ነበር?› ብለው በአማርኛ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ የጠየቁኝ ጋሼ ናቸው። ደህና ነበርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል?»

«የሆንከውን።»

«ሰው የሆነውን ነው የሆንኩት አልኳቸው። ሰቅለው ገረፉኝ፣ በላዬ ላይ ለቀቅኩት፣ እናቴን ጠራሁ ልበላቸው? ለጋሼ?»

«አዎ።»

«አንቺ ትያለሽ። አንቺ ድሮም ባለጌ ነሽ።»

ሳቅን። ከዚያ ካልሲውን አወለቀና እግሩን አሳየኝ። ወፌ ላላ ሲባል በስም ሰምቼ ነበር፤ እጅን ከጉልበት ሥር አስሮ፣ ዘንግ አሾልኮ፣ ገልብጦ ሰቅሎ ውስጥ እግርን መግረፍ ነው። ስሙን መስማትና የወንድምን እግር ማየት ለየቅል ናቸው። የግራ እግሩ ሁለት ጣቶች ተጣብቀው ቀርተዋል። ተረከዙ መሬት አይነካም።

«ታዲያ ጋሼ ያውቃሉ ብዬ ነው» አለኝ። «የሚገባውን እሳቸው ይነግሩልኛል ብዬ።»

ጋሼ፣ ጥፋቱ የሁላችንም ነው። ዘመድ ያስተርጉምለት ስንል ዘመድ ፊት የማይወራ ነገር መኖሩን ረሳን። ባዕድ ቢሆን ኖሮ ኅሩይ ይናገር ነበር። አሁን ግን የሚስተካከል ነው። ይግባኙ እስከ ጥር 13 መግባት አለበት። ከእርስዎ የምፈልገው አንድ ገጽ ነው። ዘመዱ ነኝ፣ ታላቁ ነኝ፣ በባህላችን በታላቅ ፊት እንዲህ ያለ ገመና አይወራም፣ «ደህና ነበርኩ» ያለው አክብሮት እንጂ ምስክርነት አይደለም ብለው ይጻፉ። ሌላ ምንም አይጨምሩ።

በቶሎ እጠብቃለሁ።

የወይንሐረግ


ቪዲኮን
ጥር 2 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለልጄ ለየወይንሐረግ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰሽ። የተወለደው ጌታ የሐሳብሽን ይሙላልሽ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ሁሉ ስለ አንቺ ጠይቀውኛል።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የዘገየሁት ሳሰላስል ነው። ልጄ፣ እኔ ልጁ ያለውን አሻገርኩ። «ደህና ነበርኩ» አለ፤ «ደህና ነበርኩ» አልኩ። አንዲት ቃል አላጎደልኩም፤ አንዲት ቃል አልጨመርኩም። አንቺ የምትጠይቂኝ ያላለውን ብሏል እንድል ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ምስክር ከቃሉ ሲያፈነግጥ «ቃልህን ጠብቅ» ያልኩ ሰው፣ በስተርጅና ይህን አላደርግም። ቀጥ ያለ ሥራ ነው የሠራሁት።

ዝምድናውንም ብገልጽ የፈረምኩት ወረቀት ይወጣል። ከዚያ ሐሰተኛ ንዋይ ተብዬ ነው የምጠራው። በመጋዘን ቆጣሪነቴ የሚያውቁኝ ይበቃሉ። የሕግ ሰው ሆኜ የቀረሁባት ቦታ ያቺ የአስተርጓሚ ወንበር ብቻ ናት፤ አንቺ ይህ ይገባሻል።

ነገሩን ያለ መፍትሔ ግን አልተውኩትም። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ቢረሳውንና አንድ ሌላ ታላቅ ሰው ይዤ ኅሩይን አስጠርተነው ነበር። በሽማግሌ ፊት ተነጋገርን። ልጁ ጨዋ ነው፤ ይግባኙ ላይ የእኔን ነገር ላያነሣ ተስማምቷል፤ ጉልበታችንንም ስሞ ሄደ። መረቅነው። አንቺም በዚህ ብትረጊ መልካም ነው። ሌላ ካንቶን፣ ማለት ሌላ ክፍለ ሀገር፣ ሄዶ እንደ አዲስ ቢሞክር የሚከለክለው የለም ይላሉ። እኛም በጸሎት እናስበዋለን።

ሙሉወርቅ ትንሽ አመማት እንጂ ደህና ናት።

አባትሽ ንዋይ


ፕላንፓሌ
ጥር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.

ጋሼ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። እትዬ ሙሉወርቅን እግዜር ይማርልን፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው።

እኔ የሌለሁበት ሽምግልና አያስረኝም። ተበዳዩን ጠርታችሁ በዳይ ስለ ተቸገረ ዝም በል አላችሁት፤ እሱም ጉልበት ስሞ ወጣ። ከዚያም መረቃችሁት። አቶ ቢረሳው ምን ብለው መረቁት? «ሆድህ ይፍጀው» ብለው ነው?

ቀጥ ያለ ሥራ ነው ብለዋል። እሺ፤ እንነጋገርበት። የእርስዎን ደብዳቤ ካነበብኩ ወዲህ ያለቁ መስሎኝ የነበሩ ካርዶቼን ሁሉ እንደገና ገለበጥኩ። ያየሁት ቃል ሁሉ ጠማማ ነው፤ ጎባጣ ነው፤ ወጣ ገባ ነው። የፈረንሳዮቹ «ቶር» ከምን ጋር አንድ ሥር እንዳለው ያውቃሉ? ከ«ቶርቱር» ጋር። ገልብጦ መግረፍን ጨምሮ ማሠቃየትን ሁሉ የሚጠሩበት ቃል ነው። ሁለቱም መጠምዘዝ ናቸው። ኅሩይን በአንዱ ጠመዘዙት፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ደግሞ ሌላው ደረሰበት። ሁለተኛው ግን አልተጣመመም። እንደ ክር ቀጥ ብሎ፣ ቃል በቃል፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ ነው የመጣው። ቀጥ ብሎ ለሚመጣ በደል አውሮፓውያን ቃል አላዘጋጁም። እኔም ጽሑፌ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ለዚህ አመሰግንዎታለሁ።

የእኛን ቃል ጠይቄዎት ፍርደ ገምድል አሉኝ። ግፍን ዘለሉት። ግእዙን ፈልጌ አየሁት፤ ከመግፋት ጋር ዘመድ ነው። መንገድ በራሱ ሊጣመም ይችላል። የተገፋ ሰው ግን ያለ ገፊ አይወድቅም። ፈረንጆቹ ጠማማውን ነገር እንጂ ሰውየውን አያሳዩም። የእኛ ቃል ውስጥ እጅ አለ።

አላወቅሁም ደግሞ አይበሉኝ። ጫማዎን ያዋሱት እርስዎ ነዎት። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ እግሩ በአንድ ጊዜ አድጎ ነው ጫማ የጠበበው? ያን ቀን ጠዋት ቤትዎ ካልሲ ሲቀይር እትዬ ሙሉወርቅ እግሩን አይተው ፊታቸውን እንደሸፈኑ፣ እርስዎም በሩ ላይ ቆመው «በሉ ይረፍድብናል» እንዳሉ ኅሩይ ነግሮኛል። ከአንድ ሰዓት በኋላ «ደህና ነበርኩ» ሲል አሻገሩለት። «ይህ የጨዋ ልጅ ሰላምታ ነው፤ እንደገና ይጠየቅ» ማለት መጨመር አይደለም። ዳኛ ሆነው አንድ ገበሬ ፊትዎ ቆሞ በፍርሃት «ይሁን» ቢል፣ ዝም ብለው ይጽፉ ነበር?

ያደረግኩትን ልንገርዎ፤ ከሌላ እንዳይሰሙ። ኅሩይን ጄኔቭ አምጥቼ አንዲት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። አማርኛ የሚሰማ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። በሚያውቃት ቅንጥብጣቢ እንግሊዝኛ ነገራት። እኔንም «አንቺ ውጪ» አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በበሩ ድምፁን ሰማሁ፤ ቃሉን አልሰማሁም። ሲወጣ ፊቱ ታጥቧል። ሐኪሟ ስለ እግሩ ጽፋለች። እኔ ደግሞ አንድ ገጽ ጽፌ ፈርሜያለሁ። የመጀመሪያው አስተርጓሚ አቶ ንዋይ የእናታችን የአክስት ልጅ ናቸው፤ ወንድሜ በፊታቸው ሊናገር አልቻለም ብያለሁ። ይግባኙ ትናንት በፖስታ ሄዷል።

ኅሩይ ስለ እኔ ገጽ አያውቅም ነበር፤ ዛሬ ነገርኩት። ኮቱን አንሥቶ ወጣ።

ይጠይቁዎታል። ሲጠይቁዎት እውነቱን ይናገሩ፤ ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ይቅርታም እንዲጠይቁኝ አልፈልግም።

የወይንሐረግ


ቪዲኮን
ሰኔ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለየወይንሐረግ፣

አምላከ ጎርጎርዮስ ደስታችንን ፍጹም ያድርገው። ከጥር ወዲህ አለመጻፌን በክፉ አትተርጉሚው። ቁጣ እስኪበርድ ዝም ማለት የታላቅ ወግ ነው።

የምሥራቹን ሰምተሻል። ኅሩይ ተፈቀደለት። እንደገና አስጠርተው አንዲት ከበርን የመጣች አስተርጓሚ አቀረቡለት፤ ሐኪሟ የጻፈችውን አዩ፤ አለቀ። ትናንት ቤታችን መጥቶ ወረቀቱን ሲያሳየን ሙሉወርቅ እልል አለች። ፈረንጇ ጎረቤታችን ሰው የሞተ መስሏት በሩን አንኳኳች። ሙሉወርቅም «ሰርግ ነው» ብላ አንድ ሳህን ሙሉ ምግብ ይዛላት ወጣች።

እንግዲህ የቀረችው አንዲት ትንሽ ነገር ናት። በየካቲት ወር ከባለጉዳዩ ጋር ዝምድና አለህ ወይ ብለው በጽሑፍ ጠየቁኝ። የለንም አልኩ። የሩቅ ነውና በሕጋቸውም ዝምድና ላይባል ይችላል፤ እንዲያ ብዬ ነው ያሰብኩት። ኅሩይም በሁለተኛው የቃል መስጫ ቀን ተጠይቆ እንደዚያው መልሷል። ስለዚህ የአንቺ ጽሑፍ ለብቻው ቀርቷል። በስህተት የተጻፈ ነው ብለሽ እንድትፈርሚ ወረቀት ልከውልሻል መሰለኝ። ፈርሚው። ልጁ እዚሁ ቀርቷል፤ አሸንፈሻል፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? የመኖሪያ ፐርሚሽንም በመስከረም ታሳድሻለሽ፤ ስምሽ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተንጠልጥሎ ባይቆይ ይሻላል። የምመክርሽ እንደ አባት ነው።

ሰኔ 19 እሑድ ለኅሩይ ደስታ ሰው ጠርተናል። አቶ ቢረሳውም ይመጣሉ። ከጣቢያ ትራም እንዳትይዢ፤ እኔ ራሴ እቀበልሻለሁ።

አባትሽ ንዋይ


ፕላንፓሌ
ሰኔ 14 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአቶ ንዋይ፣

ጤናዎን ይስጥዎ። ወይዘሮ ሙሉወርቅን፣ እልል ያሉለትን፣ እግዜር ያክብርልኝ።

እሑድ አልመጣም።

ወንድሜ እዚህ በመቅረቱ ደስ ብሎኛል። ይህን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝና ደጋግሜ አልጽፈውም። ከዚያች ከበርን ከመጣችው ሴት ጋር ሦስት ሰዓት ተኩል ተናገረ። ውሃ ስትሰጠው አንድ ጊዜ ብቻ አቋረጠ። አያውቃትም፤ አታውቀውም፤ ሲጨርስ እጁን ጨብጣው ሄደች። የሚያስፈልገው ያ ነበር።

ከዚያ ሊወጣ ሲነሣ ስለ እርስዎ ጠየቁት። ያለውን የነገረኝ ራሱ ነው። ስልኩን ይዤ ቆሜ ነበር።

«አላውቃቸውም አልኩ» አለኝ።

«እኔ ጽፌያለሁ እኮ ኅሩይ። ፈርሜያለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሰውየው ሊዋረዱ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው። ሽማግሌ ፊት ቃል ገብቻለሁ።»

«እኔስ?»

 «አንቺ ጠንካራ ነሽ» አለኝ።

የተናገረው በፍቅር ነው። በዚያ ድምፅ ሌላ ሰው ሊለኝ አይችልም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ቃሏን አገላበጥኳት። እርስዎ የፈሩትን ውርደት ተሸክሜ እንድሄድ ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ የተስማማችሁባት ቃል ናት። እናታችን እዚህ ብትሆን እሷም ይህንኑ ትል ነበር ብዬ እፈራለሁ። የወንድ ክብር ሲሰበር ቤት ፈረሰ ይባላል፤ የሴት ልጅ ስም ሲጠፋ ደግሞ «እሷ ትችለዋለች»።

ፈረንሳዮች ሌላ ቃል አላቸው፤ እስካሁን አልጻፍኩልዎትም። አቤቱታን «ግሪየፍ» ይሉታል፤ መነሻው ላቲን ነው፤ «ከባድ» ከሚለው። በዚያ ቃል በደል ማለት ሰው ላይ የሚጫን ሸክም ነው። ስለ ጠማማነት ሰማንያ ገጽ ጽፌ ስለ ክብደት አንድ አንቀጽ ብቻ ነበረኝ። አሁን ያን ምዕራፍ እንደገና እጽፈዋለሁ። ሸክም የሚጫነው ጥፋተኛው ላይ አይደለም። የማይወድቀው ላይ ነው። አስተማሪዬ ማስረጃ ትጠይቀኛለች፤ ከመጻሕፍት አመጣላታለሁ፤ የእናንተን ግን አልነግራትም።

ወረቀቱ ደርሶኛል። ጠረጴዛዬ ላይ ነው። «ዝምድናውን የጠቀስኩት በስህተት ነው» ይላል፤ ከሥሩ መስመር አለው። ለተማሪዎች ምክር የሚሰጠው ሰውም እንደ እርስዎ «ፈርሚውና ይለቅ» ብሎኛል። ባልፈርም ፋይሌ ላይ ሐሰተኛ ቃል የሰጠች ተብሎ ይቀመጣል፤ በመስከረም ፐርሚዬን ለማሳደስ ስሄድ ከፊቴ ይወጣል። ምናልባት አያሳድሱልኝም። ምናልባት ትምህርቴን ሳልጨርስ ከዚህ እወጣለሁ፤ ወዴት እንደምሄድ ደግሞ እርስዎም ያውቁታል፤ የሚጠብቀኝ አገር የለኝም።

አልፈርምም።

ኅሩይ ለምኖኛል፤ አልፈርምም። እሱን ለመውቀስ አይደለም፤ የተናገረውን ተናግሯል፤ ወረቀቱንም ማንም አይነጥቀውም፤ የሰጡት ስለ እግሩ እንጂ ስለ እኔ ገጽ አይደለምና። ይህንን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ የእኔ እምቢታ የሚጎዳው እኔን ብቻ ነው። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከሦስት ሰው አንደበት ስለ ዝምድናችን ቃል ወጥቷል። ሁለቱ ዘመዶቼ ናቸው። እውነቱን የተናገረችው አንዷ ግን ውሸታም ተብላ ተመዝግባለች። ይህንን በገዛ እጄ ካጸደቅኩት ግን ሌላ ማንም ሊያነሣልኝ አይችልም።

ከእንግዲህ አልጽፍልዎትም። ቢጽፉልኝም አልመልስም። ኅሩይን ሲያገኙት ያክብሩት፤ ለእርስዎ የከፈለውን ያውቃሉ።

ደብዳቤ ሲያልቅ የሚጻፈውን ግን አልተውም። እርስዎ የለንም ብለው የጻፉትን ዝምድና እኔ እዚህ በእጄ እጽፈዋለሁ፤ መጋዘንም ይሁን ቤትዎ፣ የትም ሆነው ያንብቡት።

የእናትዎ የወይዘሮ ብዙነሽ ታናሽ እህት፣ የወይዘሮ ሸዋረጋ የልጅ ልጅ፣

የወይንሐረግ